ለፕሮጀክት የተመታ ደወል

ተማሪዎች ሥራቸውን የሚለጥፉበት የኢንተርኔት ጋለሪ እስካሁን አለ። ስልኬ ላይ ስከፍተው መጀመሪያ የሚመጡት አዳዲሶቹ ሥራዎች ናቸው፤ ከካርቶንና ከመስታወት ቁራጭ የተሠራ ፔሪስኮፕ፣ በውሃ ግፊት የሚነሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሮኬት፣ የጅማ ተማሪዎች በመርፌ ሲሪንጅ የሠሩት ክሬን። ወደ ታች ብዙ ከወረድኩ በኋላ የእኛ ይመጣል። ፎቶው ላይ ከወይራ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከጎኑ እኔ ቆሜያለሁ፤ የዩኒፎርም ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ደረቴን ነፍቼ። ያቺን ልጅ ባየኋት ቁጥር ከዚያ ዛፍ ስር ጎትቼ ማውጣት ያምረኛል።

ስለ ድንጋዩ ከማውራቴ በፊት ግን ስለ ወንድሜ ልናገር። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አባታችን ገና በልጅነቴ ስለሞተ እናቴንም እኔንም ደግፎ ያቆመን እሱ ነው። ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይቼ እንድማር ያደረገኝም እሱ ነው፤ እናቴ «ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ?» ስትል «ዝም በይ እማ፣ ይቺ ሰው ትሆናለች» ብሎ እቃዬን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አስገባኝ። በጦርነቱ ጊዜ እህል ጭነው ወደ ቆላው እንደወረዱ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። በኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ ኔትወርኩም ተመለሰ። ወንድሜ ግን አልተመለሰም፣ ሹፌሩም እንደዚያው። አንዱ ወልድያ አየሁት አለ። ሌላው ደግሞ በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ሙስሊም ነጋዴዎች ቤት ታሞ ተኝቶ ነበር አለ። እናቴ እዚያ ድረስ ወርዳ ጠየቀች። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ አብልተው፣ አሳድረው፣ መኪና ድረስ ሸኟት። ያስታመሙት ልጅ ግን የሌላ እናት ልጅ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም። መሞቱ ላልተነገረ ሰው ማልቀስ ማሟረት ነው፤ እንኳን ማልቀስ፣ ስሙን ስታነሳ ድምፅህ ቢሰበር ራሱ ይቆጡሃል። ስለዚህ እናቴ አታለቅስም ነበር፣ ትጠብቃለች እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ወደ ቤት ስሄድ ገና ከበሩ ሳልገባ «ደውይለት» ትለኛለች። እደውላለሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች የምትጀምረውን ሴት በአማርኛም በእንግሊዝኛም እስክትጨርስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣታለች። ከዚያ ስልኩን ትመልስልኝና «ሥራ ላይ ነው» ትላለች።

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «እማ፣ ቁጥሩ ከሞተ ቆየ እኮ፣ ባትሪዬን ጨረሽው» እላት ነበር። እሷም «አይ እንግዲህ፣ አንቺ ደግሞ ለባትሪ!» ብላ ትስቅብኛለች። ከዚያች መልስ የማትሰጥ ሴት ጀርባ ልጇ እንዳለ እርግጠኛ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ የሚያራምዳት ያ ነበር። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ሲገባኝ ደግሞ ለማንም የማይረባ ሆኗል።

የፊዚክስ መምህራችን ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ላብራቶሪያችን ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ተስፋ ይቆርጣል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ ባሰበት። ከየከተማው ያሉ የፊዚክስ መምህራን ተሰባስበው የከፈቱትን ጋለሪ በስልኩ አሳየን። ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የሠሩትን ፎቶና አጭር ቪዲዮ አድርገው ይለጥፋሉ፤ ሌላው አይቶ ይጠይቃል፣ ይተቻል፣ ራሱ ሞክሮ ውጤቱን ይጽፋል። «ከላስታ አንድም የለም» አለን። «ዓለም ከየአገሩ ላሊበላን ሊያይ ይመጣል፤ እናንተ አንድ ነገር ማሳየት አቅቷችሁ ነው?» ይህን ሲል በተለይ እኔን ያየ መሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር እልክ ያስይዘኛል።

ሀሳቡ የእኔ ነበር። በመንደራችን ቤተክርስቲያን ደወሉ ብረት አይደለም። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮሃል። በየገጠሩ ደብር ብዙ ቦታ እንዲህ ነው፣ ለእኛ ምንም አይገርመንም። ከእኔ ጋር የተመደበው የከተማ ልጅ፣ ስልኩ ጥሩ አፉ ደግሞ ከስልኩ የሚፈጥን፣ ነገሩን ስነግረው ብድግ አለ። «እኛ ራሳችን ድንጋይ ጠርበን ከዚያ ደወል ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲሰጥ ብናደርገውስ?» አለኝ። በማርያም በዓል ጠዋት ደወሉ ሲመታ በስልኩ ቀድተን የድምፁን ድግግሞሽ የሚለካው አፕ የሚያሳየውን ቁጥር ያዝን። ከዚያ በኋላ ፈተናችን ያንን ቁጥር የሚሰጥ ድንጋይ ማግኘት ሆነ።

ወንዝ ለወንዝ እየዞርን ድንጋይ ስናንኳኳ እብድ የመሰልናቸው ሰዎች ነበሩ። አንዲት ውሃ የቀዳች ሴት «ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?» ብላ እንስራዋን አስቀምጣ ልትፈልግልን ነበር። በመጨረሻ ጥሩ ድንጋይ አገኘን፤ ድምፁ ግን ወፍራም ነበር። ጫፍ ጫፉን በመዶሻ እየፈለጥን ስናሳጥረው ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። የት ላይ ይታሰር የሚለውን ያገኘነው አሸዋ በትነንበት ነው። ድንጋዩን በስፖንጅ ላይ አጋድመን ስንመታው አሸዋው ከሚንቀጠቀጠው ቦታ እየሸሸ የማይንቀጠቀጠው መስመር ላይ ተሰበሰበ፤ ገመዱን በዚያ መስመር አሰርን። የስልኩ ቁጥር ከቤተክርስቲያኑ ደወል ቁጥር ጋር የገጠመ ዕለት መምህራችን ራሱን ይዞ ሳቀ። እኔም ዘለልኩ። ደስታው እውነተኛ ደስታ ነበር፣ ያንን አልክድም፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንኳ ከዚያች ቀን ላይ ደስታዋን አልወሰደባትም።

ጋለሪው ላይ ስንለጥፈው ከማናውቃቸው ሰዎች ጥያቄ ይጎርፍ ጀመር። የሐዋሳ ተማሪዎች ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቁ። አንዱ «በሞረድ ሞረዳችሁት እንዴ?» አለ። እኔ ለእያንዳንዱ እንደ ሊቅ እመልሳለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፊደል ግድፈቴን እያረመ ይስቅብኛል። ከሁሉም ግን አንዲት መምህርት የጻፈችው ልባችንን ገዛው። «የመንደር ደወል ሥራው ሩቅ ላለ ሰው መሰማት ነው። የእናንተስ ምን ያህል ርቀት ይሰማል? ሜዳ አውጥታችሁ ብትሞክሩት» ትላለች። ለአስተያየት በአዲስ ሙከራ የመለሰ ሥራ ጋለሪው ፊት ለፊት ላይ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ፊት ለፊት መቀመጥ ፈልገናል።

መጀመሪያ የቤተክርስቲያኑን ደወል ራሱን መትተን ከእኛው ጋር ልናነጻጽር አስበን ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄድን። መስቀል ተሳለምን። ነገሩን ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ልጄ። ደወል ለጨዋታ አይመታም፣ ሥራ አለው» አሉኝ።

«አባ፣ የራሳችንን ድንጋይ ብንመታስ? ማዶ ላይ ሁነን?»

«ያማ የራሳችሁ ድንጋይ ነው። እኔ ምን ቸገረኝ!»

ደስ ብሎን ወጣን። እሳቸው አርባ ዓመት ደወል ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መምህራችን የድምፅን ነገር በዲግሪ የተማረ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ደወል ስር የተወለድኩ ነኝ። ከሦስታችን አንዳችንም ነገሩን አላሰብነውም። ዛሬም ስናስበው አንዳችን ሌላችንን የምንወቅስበት አፍ የለንም።

የሄድነው በውቂያ ጊዜ ነው። እህሉ ታጭዶ፣ ሰዉ ሁሉ አውድማ ላይ ነበር። ድንጋዩን በጭድ ጠቅልለን በአህያ ጭነን ከመንደራችን ማዶ ካለው ተዳፋት ወሰድነውና ወይራ ላይ ሰቀልነው። መምህራችን የሚቀዳበትን ስልክ ከእግሬ ስር ደገፈልኝ። ልጁ የራሱን ስልክ ይዞ ወደ መንደሩ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ቆም ይላል፤ ጃኬቱን ያውለበልባል፤ ያን ጊዜ እኔ አንዴ እመታለሁ። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ እንጠብቃለን። እሱ ራቅ ይላል፤ እንደገና ጃኬቱን ያውለበልባል፤ እንደገና እመታለሁ። መምህራችን ሥርዓቱን ደጋግሞ ነግሮኛል። ድምፅ በድምፅ ላይ ከተደረበ ልኬቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ አንዴ ተመትቶ፣ ዝም ተብሎ፣ ከዚያ ሌላው።

በእኛ መንደር ደወል ለበዓል ሲሆን ደረብረብ ተደርጎ ነው የሚመታ። ለእሳትና ለአደጋ ሲሆን እያከታተሉ ያጣድፉታል። አንዴ ተመትቶ፣ ድምፁ እስኪሞት ተጠብቆ፣ እንደገና አንዴ ሲመታ ግን ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ማንም አስተምሮኝ አላውቅም፤ ከእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ጆሮዬ ስልኩ ላይ፣ ዓይኔ ጃኬቱ ላይ ነበር። በገዛ እጄ እየመታሁ ምን እየመታሁ እንደሆነ አልሰማሁም።

ትንሽ እንደቆየን ከአውድማዎቹ ሰው ሲሮጥ አየሁ። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች፣ ቀጥሎ ወንዶች መንሻቸውን እየጣሉ፣ በሬው ነዶው ላይ እንደቆመ። ሁሉም ወደ ቤተክርስቲያኑ ነው የሚሮጡት። እንግዲህ የሚስቅም ይሳቅብኝ፤ እኔ የመጣልኝ ሀሳብ አንድ ብቻ ነው። «ወይኔ፣ ሰው ሞቷል» አልኩ። የምመታበትን ድንጋይ ጣልኩና ነጠላዬን እያሰርኩ ቁልቁል ሮጥኩ። መምህራችን ከኋላዬ እየጠራኝ ነበር፤ ዞር ብዬም አላየሁትም።

ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ ለቅሶው ተሰማኝ። የጎረቤታችን ሚስት መንገድ ላይ አገኘችኝ፣ አንገቴን አንቃ ይዛ «ወንድምሽ! ወይኔ ወንድምሽ!» አለችኝ። ማን ነገረ፣ የት ሞተ፣ መቼ ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም። የጠበቅነው ነገር መጣ፣ አለቀ። እየተጎተትኩ ደረስኩ። እናቴ ከቤተክርስቲያኑ ግቢ በር ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየመታች ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «ወይኔ ዓለሜ፣ ወይኔ ጌታዬ» ትላለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ውጣ ያኖረችውን ለቅሶ አንድ ላይ ነው ያወጣችው። አጠገቧ ወድቄ እኔም ጮህኩ። ሙሾ አውራጇ አሮጊት በመሃል ድምፃቸው ተሰማ፦

መንገድ የለመደው፣ ዳገት የማይገደው፣
ምነው ሳይመለስ መንገዱ ወሰደው?

ይህን ሲሉ ወንዶቹም አለቀሱ። ወንድሜን የማይወድ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ለሁሉም ዕቃ ሲያመላልስ፣ ሲያስጭን፣ በነጻ ሲያሳፍር የኖረ ልጅ ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ እያለቀስኩም በውስጤ አንድ ነገር ልቅቅ ሲል ይሰማኝ ነበር። ይህን ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

አስተዳዳሪው የመጡት በኋላ ነው። ከቤታቸው እየተጣደፉ ወጥተው የቤተክርስቲያኑን ጠባቂ አስቆሙት።

«ማነው ደወሉን ያስመታህ? መርዶውን ማን አመጣው?» አሉ።

«እኔ አልመታሁም አባ» አለ ሰውየው። «እኔም ሰምቼ ነው ተቤቴ የወጣሁ። መምቻ ድንጋዩም ከቦታው አልተነሳ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ለካ ማንም ለማንም ምንም አልተናገረም። ደወሉ ሲሰማ እናቴ ጮኸች፤ እሷ ስትጮህ ሌላው መርዶ ደርሷት ነው አለ፤ እሷ ደግሞ ሰዉ ወደ እሷ ሲሮጥ ስታይ ያውቃሉ ማለት ነው አለች። ከቤተክርስቲያኑ በላይ ያለው ገደል የእኛን ድንጋይ ድምፅ ተቀብሎ ስለሚመልሰው ደወሉ ከማዶ መምጣቱን ማንም አልለየም። ድምፁም ያው ነው፤ ያው እንዲሆን ያን ያህል ለፍተናል። አስተዳዳሪው ዓይናቸው ሰውን ሁሉ ዞሮ እኔ ላይ ሲያርፍ ክው አልኩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያ ድንጋያችሁ የት ነው?»

በእጄ ወደ ማዶ አመለከትኩ። መምህራችን በዚያው ቅጽበት እያለከለከ ደረሰ፣ አንድ ባንድ አስረዳ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ሳሉ እስኪይዛቸው ሳቁ። የሳቁ ወረርሽኝ ሰዉን ያዘው። የጎረቤታችን ሚስት እንባዋን እየጠረገች «እሰይ! እሰይ! ልጅሽ አለ ማለት ነው!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔን የቆጣኝ ሰው እንኳ አልነበረም፤ «አንቺ ጉደኛ» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። መንደሩ በሙሉ የወንድሜን አለመሞት በድንጋዬ ያረጋገጠ መሰለው።

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ እልል የምትለውን ሴት ቀና ብላ አየቻት።

«አለ ያለሽ ማነው?» አለቻት።

እልልታው ቆመ። ያንን ጥያቄ ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አስተዳዳሪው እጇን ይዘው አስነሷት፣ ጸሎት አደረሱላት፣ «ተስፋ አትቁረጭ ልጄ» አሏት። «እሺ አባ፣ እርስዎ ካሉ» አለች። ሰዉ በሬው እህል ላይ መቆሙ ትዝ ሲለው አንድ ሁለት እያለ ወደ አውድማው ተመለሰ። እኔና እናቴ ወደ ቤት ሄድን።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ይህን ሁሉ አላወቀም። ለካ የቆመበት ቦታ ሆኖ ለቅሶው ሲሰማው የውቂያ ዘፈን መስሎታል፤ የከተማ ልጅ አይደል። ደወሉ ሲቆም ስልኩን እየቀዳ ትንሽ ጠበቀና ልኬቱ አለቀ ብሎ፣ ከተማ የሚገባ መኪና ስላገኘ ቀረጻውን ይዞ ሄደና ኔትወርክ ካለበት ቦታ እንደደረሰ ለጠፈው። ሰኞ ትምህርት ቤት ስደርስ በደስታ ሊበር ደርሶ ጠበቀኝ። ሥራችን ጋለሪው ፊት ለፊት ላይ ወጥቷል። ቪዲዮው ውስጥ የድንጋዩ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ በስተኋላ፣ ከሩቅ፣ የሴቶች ድምፅ ይመጣል። ከስሩ አንዱ «ከበስተጀርባ ያለው ዜማ እንዴት ያምራል! የአካባቢው ባህላዊ ዘፈን ነው?» ብሎ ጽፏል። ሌሎች ልብ አስቀምጠውለታል። ለልጁ ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። እዚያው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች መናገር ይከብደኛል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስሄድ እናቴ እንደ ሁልጊዜው ስንቄን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ፣ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ስልኬን አውጥቼ ጠበቅሁ። ምንም አላለችም። ቢቸግረኝ «ልደውልለት?» አልኳት። «ተይው» አለች። በሚቀጥለውም ጠየቅኋት፣ ያንኑ መለሰችልኝ። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቀረች። ሴቶቹ «መርዶ ሳይመጣ እንዴት ተዘቅዝቆ ይለበሳል፣ ባንቺ አይደርስም እንዴ ነውሩ?» እያሉ ሲቆጧት ሰምታ ዝም ትላለች። እኔ ግን ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አንዴ አልቅሳለታለች። አንዴ የወጣ ለቅሶ ደግሞ ተመልሶ አይገባም።

ሰዉ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» ይለኛል። አስተዳዳሪው፣ መምህራችን፣ ያ ልጅ፣ ሁሉም። እንደዚያ ሲሉኝ እናደዳለሁ፤ ማን ስለ ጥፋት አወራ? እኔን የሚያንገበግበኝ እናቴ በሳምንት አንዴ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ልጄ አለ የምትልበት ጊዜ መጥፋቱ ነው። ያንን የሚተካ ነገር ፊዚክስም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ቢያንስ ቪዲዮውን ላጥፋው ብዬ ወሰንኩ። የእናቴን ለቅሶ ዘፈን ነው እያለ የማያውቃት ሰው እንዲያዳምጠው አልፈለግሁም። መምህራችን «ልክ ነሽ» አለኝ፤ ልጁም ፊት ለፊት መቀመጡን ረስቶታል። ለጋለሪው አስተዳዳሪዎች ጻፍን፤ በጣም አዝነው መለሱልን፣ መቼም ባላችሁ ጊዜ ይነሳል አሉ። እኔ ግን በዚያ ቅዳሜ መጀመሪያ ለእናቴ ልንገራት አልኩ። የምሥራች የምነግራት መስሎኝ ነበር።

ደጅ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። «እማ፣ ያ የደወሉ ነገር ስልክ ላይ ተቀርጾ ነበር። ለቅሶውም አብሮ ገብቷል። አይዞሽ፣ ላጠፋው ነው፣ ከእንግዲህ ማንም አይሰማውም» አልኳት።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ለቅሶው አለ?»

«አለ። ግን አጠፋዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

አልፈለግሁም፤ ለመነችኝ። ከፈትኩላት። ስልኩን እንደ ድሮዋ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ደወሉ ሲመታ ዓይኗን ጨፈነች። ለቅሶው ሲመጣ ግን ፈራሁ እንጂ እሷ አላለቀሰችም። «ይቺ የታች ቤቷ ናት» አለች። «እሜቴ ናቸው እኚህ፣ ሙሾ ሲያወርዱ። ይኸው አንቺ ነሽ፣ ስትጮሂ። አቤት ሰዉ! ሥራውን ጥሎ እኮ ነው የመጣለት።» እስኪያልቅ አዳምጣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፣ በመዳፏ ሸፈነችው።

«አታጥፊው» አለችኝ።

«እማ፣ ሰው እኮ ዘፈን ነው እያለ…»

«ይበል። ምን ቸገረኝ! ለልጄ ለቅሶ የተቀመጡለት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ቀብር የለው፣ ተስካር የለው። ሙቶ እንደሁ ለቅሶው ይኸው ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ቢመለስም ደግሞ ይስማው። ስንት ሰው እንዳለቀሰለት ይወቅ።»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔም አላጠፋሁትም።